አምስተኛዋ ጣት

ቅጹ ላይ ባዶ ቤት፣ "ዋና ትምህርት" የሚል፤
ብዕሬ ሦስት ቀን ከበላዩ ሲውል፣
በአራተኛው ጻፍኩት፦ ሥዕል።
ጸሐፊዋ አየችኝ ከመነጽሯ በላይ፣
"ሌላስ?" አለች፣ "መጠባበቂያ የለሽም ወይ?"
የለኝም አልኳት፤ ማኅተሟን መታች፣
"መልካም ዕድል" ብላ፣ ለታመመ ሰው በሚባልበት ድምፅ፣ ወረቀቴን ሰጠች።

በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ መሐንዲስ "ምን ታጠኚያለሽ?" አለኝ፤
"ሥዕል" አልኩት።
"ከሥዕሉ ጋር ምን?" አለ፣ ደረቅ ዳቦ የያዝኩ መስዬው፣ ወጥ የሌለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ሳሉ አሉን፤
ወንበሩን አይደለም፣
በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶውን።
አርባ ወንበር ሣልኩ፤ ባዶን መሳል ከበደኝ፣
ባዶም መልክ እንዳለው ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ደሞዜ ለከሰል፣ ቁርሴ ለወረቀት፤
ቅዳሜ ሌሊቱን አንሶላ አጥፋለሁ ከአንድ ሆቴል ምድር ቤት።
እጥፋቱ ጥላ አለው፣ ጥላው ግራጫ ነው፣
ግራጫው ሰባት ነው፤
አለቃዬ ጉርሚት "ምን ቆመሽ ታያለሽ?" ሲል፣ ምን ብዬ ልንገረው?

ኅዳር ነው፣ ዊኒፔግ፣ ወንዙ ሊረጋ ነው፤
ስቱዲዮአችን ድሮ የጠጉር ቆዳ መጋዘን ነበር አሉ፣
ዛሬም ቧንቧው ሲሞቅ አውሬ አውሬ ይሸታል ግድግዳው።
ከመካከል መድረክ፣ ከመድረኩ ወንበር፣
ከወንበሩ ኦረስት፣ ልብሱን አውልቆ፣ እንደ ዳኛ በክብር፤
ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ባቡር ሲጠግን የኖረ፣
ዛሬ በሰዓት ሃያ ሁለት ዶላር ዝም ብሎ ለመቀመጥ የተቀጠረ።
ማሞቂያው በግራው ነው፤ ግራው ይቀላል፣ ቀኙ ይገረጣል፣
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ያሸንፈዋል፤
ሲያንኮራፋ ማንም አይስቅም፣ ከሰሉ ብቻ ይንኮሻኮሻል።

ስድስት ሳምንት አየነው። በሰባተኛው ችሎት ሆነ፣
አሥራ አራት ኦረስት ግድግዳ ላይ ታየ፣ ተመዘነ።
መምህርቷ ማርጎ እጇን ከኋላ አጣምራ
ከእኔው ፊት ቆመች፤ "ጥላሽ ደፋር ነው" አለች፣ "እጅሽም አልፈራ።"
ልቤ ሽቅብ ወጣ፣ ደረጃ ሳይረግጥ።
"እግሩን ስንት ጣት ሰጠሽው?"
"አምስት።"
"ማን ነገረሽ?"

ዝም።

ኦረስት ካባውን ደርቦ ሻይ ይጠጣ ነበር፤
ሰማ። ብርጭቆውን አኖረ። ካልሲውን አወለቀ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያፍር፣
ግራ እግሩን አነሣ።
አራት።
በትንሿ ጣት ቦታ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ፣
እንደ ተደፈነ የቁልፍ ቀዳዳ።
"ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጥር ላይ፣ ሐዲድ ዳር፣ ውርጭ ወሰዳት" አለ፤
"ስድስት ሳምንት ሙሉ ከእናንተ ማንም አላጣት።"

አሥራ አራት ሰዎች አሥራ አራት ጣት አብቅለንለታል፤
አንዱ ጥፍሯን ሞርዷል፤
ጥፍሯ ላይ የመስኮት ብርሃን ያሳረፍኩላት እኔ ነኝ።
"ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል" ሲባል ነበር የሰማሁት፤
የእኔ ልብ ግን ቀድሞ ፈረደ፣ ዐይኔን ለፊርማ ብቻ ጠራሁት።

ሌሊት ብቻዬን ቀረሁ። ላጲሱን በመዳፌ አሸሁት፣
እንደ ሊጥ እስኪለሰልስ፤ ከዚያ ጣቲቱ ላይ አሳረፍኩት።
ከሰል አይሞትም ለካ፤ ቢፍቁት ያፈገፍጋል እንጂ
ነጩን ለነጩ አይመልስም፤
የቀረው ስምንተኛ ግራጫ ነው፣ ከአንሶላው መሀል ያላየሁት።

ሰኞ ኦረስት መጣ፣ ጓንቱን በጥርሱ እያወለቀ፣
ወረቀቴ ፊት ቆመ፤ ቆየ፤ አልተናገረም፣ አልሣቀ፤
ያቺን የደበዘዘች እድፍ በአውራ ጣቱ ሊነካት ብሎ ተወ።
"እሷ ናት" አለ።
መድረኩ ላይ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ አንቀላፋ።

እኔም አዲስ ወረቀት ሰክቼ፣ ከሰሌን ሳላነሣ፣
መጀመሪያ
ጆሮዎቹን ቆጠርኩ።